የጨፌ ቦሩ ስም ጥሪ

«ከሁሉ የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ ጅብም ጨለማም አልላችሁም። «አቤት» የሚል የሰው ድምፅ ነው የሚያስፈራኝ። ሳቁ፣ ልጆቼም ይስቁብኛል። የሆነውን ሰምታችሁ ስትጨርሱ ግን እንተያያለን።

ጊዜው የደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው። አዲስ አበባ ላይ ብሔራዊ ሸንጎ፣ እዚህ እኛ ባሌ ደግሞ የአካባቢ ሸንጎ የሚባል ተቋቁሞ ገና ወንበሩ እንኳን አልሞቀም። እኔ የሮቤ ልጅ ነኝ፤ ያን ጊዜ ጎባ በአካባቢው ሸንጎ ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። እጄ ፈጣን ነው። ሰው ተናግሮ አፉን ሳይገጥም ጽፌ እጠብቀዋለሁ። ምላሴም ከእጄ አያንስም ነበር፤ ግን ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ አፍ የለውም። ሥራውን ያስለመዱኝ አለቃዬ አንድ ነገር ደጋግመው ነግረውኛል፦ «ጽጌ፣ አንቺ ዳኛ አይደለሽም። የተባለውን እንደተባለ ጻፊ። ያስነጠሰ ካለ፣ አስነጠሰ ብለሽ ጻፊ።»

ታላቅ ወንድሜ ካሳሁን ጤና ረዳት ነው። ከሃረና ጫካ ውስጥ ሰዉን አንስተው ከላይ ብርዱ ሜዳ ላይ አዲስ መንደር ሲመሠርቱ እሱን እዚያ መደቡት። መንደሩ ጨፌ ቦሩ ይባላል። በሪፖርት ላይ እንደ ጨፌ ቦሩ ያለ መንደር አልነበረም፤ በየስብሰባው ይነሣል፣ ይጨበጨብለታል። እኔ ራሴ ጭብጨባውን ጽፌያለሁ።

አንድ ክረምት ካሳሁን ድንገት ጎባ መጣ። ፊቱ ጠቁሯል።

«ጽጌ፣ ሰዉ አለቀ» አለኝ። «ብርዱና ንዳዱ ሽማግሌውንና ልጁን ጨረሰው። የተረፈው በየሌሊቱ ወደ ጫካው ይመለሳል። መሐመድ ቃሲም የሚባል ጎረምሳ ትናንት እጄ ላይ ሞተ። እናቱ ዓይን ዓይኔን እያየችኝ።»

«ለአለቆችህ አልተናገርክም?»

«ተናገርኩ እንጂ! 'ዝርዝሩ ሙሉ ነው፣ ዝም ብለህ ሥራህን ሥራ' አሉኝ።»

ያን ቀን አቤቱታውን እሱ እየተናገረ እኔ በታይፕ መታሁት። ለብሔራዊው ሸንጎ ላከው። ብዙም ሳይቆይ «የሐሰት ወሬ ነዝቷል» ተብሎ ጎባ ታሰረ። ስንቅ አመላልሳለሁ፤ ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል። ማን እንደበላው ግን በምን ልወቅ? ፊቱን አያሳዩኝም። «ደኅና ነው» ይሉኛል፣ የሚያየኝ ዘበኛ ግን ዓይኑን ይሰብራል። ሳምንታት አለፉ፤ ወንድሜ በሕይወት መኖሩን እንኳን የማላውቅ ሆንኩ።

አቤቱታው ግን ደርሶ ኖሯል። ከብሔራዊው ሸንጎ አጣሪ ኮሚቴ መጣ፤ ከእኛ ሸንጎ ኮሚቴ ጋር አብሮ ጨፌ ቦሩን እንዲያይ፣ በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች እዚያው ቦታው ላይ በአንድ ቃለ ጉባኤ እንዲፈርሙ ተወሰነ። መንደሩ እንደ ሪፖርቱ ሙሉ ሆኖ ከተገኘ ካሳሁን አለቀለት፤ ይሄን ከጽሕፈት ቤቱ ተላላኪ እስከ ሊቀ መንበሩ ሁሉም ያውቃል። ቃለ ጉባኤ እንድይዝ የተመደብኩት እኔ ነኝ። ሌላ ፈጣን ጸሐፊ ስላልነበረ ነው፤ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

የአዲስ አበባዎቹ ሰብሳቢ ጓድ ይልማ ይባላሉ። ድሮ ዳኛ የነበሩ፣ መነጽራቸውን በየደቂቃው የሚወለውሉ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ኦሮምኛ አንዲት ቃል አያውቁም። ከእኛ ሸንጎ የተወከሉት አባ ጀማል ደግሞ የደሎ መና ሰው ናቸው፤ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ካረጁ በኋላ ነው። ማስተርጎምም የሳቸው ድርሻ ነበር።

በማለዳ ከጎባ ተነሥተን ሳነቴን ስንወጣ ጉሙ ዋጠን። ሾፌሩ በቀን መብራት አበራ። ጅብራዎቹ ከጉሙ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ጋቢ ለብሶ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይመስላሉ። ጓድ ይልማ በመስኮት እያዩ፣ «እነዚህ ሰዎች በዚህ ብርድ ምን ይጠብቃሉ?» አሉ።

«ሰው አይደለም ጓድ፣ ጅብራ ነው» አልኳቸው።

«አትክልት?»

«አትክልት ነው።»

አባ ጀማል ከኋላ ሆነው ሳቅ አሉ። 

ጨፌ ቦሩ የደረስነው ከቀትር በኋላ ነው። ቤቶቹ በገመድ የተለኩ ያህል በመስመር ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ጣሪያ ጭስ ይወጣል። ልቤ ስንጥቅ አለ። ጭስ ካለ ሰው አለ፤ ሰው ካለ ወንድሜ ዋሽቷል።

የወረዳው ኃላፊ ጓድ ታፈሰ እየሳቀ ተቀበለን። «እንኳን ደኅና መጣችሁ! እንግዲህ ያያችሁት ጭስ ይመስክር» አለ።

አባ ጀማል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ውሻ ሰምተሻል?» አሉኝ።

አልሰማሁም። ቆም ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ። ውሻ የለም። የሚያለቅስ ሕፃን የለም። ዶሮ የለም። እንጨት የሚፈልጥ የለም። ያ ሁሉ ቤት ይጨሳል፣ ኮሽ የሚል ነገር ግን የለም። በዚያ ብርድ ጀርባዬን አላበኝ።

በቤቶቹ መሃል ስናልፍ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። የአንዱ ቤት በር ከውጭ በሐረግ ታስሯል። ቀጣዩም ታስሯል። ከዚያ የሚቀጥለውም። ከውስጥ ጭሱ ይትጎለጎላል፣ በሩ ግን ከውጭ ነው የታሰረው። ሰው እሳት አንድዶ ራሱን ከውጭ ያስራል እንዴ?

«ለምንድን ነው የታሰረው?» አሉ ጓድ ይልማም።

«ከብት እንዳይገባ ነው ጓድ። ሕዝቡ ሥራ ላይ ነው፤ አሁን እንዲሰበሰብ አድርጌያለሁ» አለ ጓድ ታፈሰ። እሳቸው ወደፊት ሲራመዱ ክንዴን ያዘኝና ወደ ኋላ አስቀረኝ። ፈገግታው ጠፍቷል።

«የማን እህት እንደሆንሽ አውቃለሁ። ብዕርሽን አደብ አስገዢ። ወንድምሽ እኛ እጅ ላይ ነው ያለው።»

«አለ?» አልኩት፤ ከአፌ አመለጠኝ። «በሕይወት አለ?»

አየኝና ትቶኝ ሄደ። ከስድብ ሁሉ የከፋው እሱ ሆነብኝ።

ከመንደሩ ግርጌ ገደል መሳይ ቁልቁለት አለ፤ ሰዉን ያቆሙት እዚያ ነው። ለእኛ ጠረጴዛና አግዳሚ ከላይ ተዘጋጅቷል። ከፊት የቆሙት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ከነሱ ኋላ ያለው ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ ጋቢና ብርድ ልብስ የተከናነበ ነገር ይንቀሳቀሳል፤ ብዙ ይሁን ትንሽ፣ ሰው ይሁን ጅብራ፣ አይለይም።

«ቀረብ ይበሉ» አሉ ጓድ ይልማ።

«ከሥራ ስለመጡ ጭቃ ናቸው፤ እዚያው ይሻላቸዋል» አለ ጓድ ታፈሰ።

ጓድ ይልማ መነጽራቸውን ወለወሉ። «ይሁን። ሪፖርቱ የስም ዝርዝር አለው። ስም በስም ይጠራ። ቃለ ጉባኤ ያዧ ትጥራ፣ አቤት ያለው ይመዝገብ።»

ዝርዝሩን ሰጡኝ። እንደ ልማዴ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጥኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ፣ «የመንደሩ ጤና ረዳት» ከሚለው ጎን፣ የወንድሜ ስም ተጽፏል። እስር ቤት ያስገቡትን ሰው ከዝርዝሩ አላወጡትም!

መጥራት ጀመርኩ።

«አማን ገመዳ!»

«አቤት» አለ ጉሙ።

«ሁሴን ቱፋ!»

«አቤት።»

እየጠራሁ እጽፋለሁ። ድምፁ አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከቀኝ ይመጣል። ጥቂት ስሞች እንዳለፉ ግን አንድ ሻካራ፣ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ድምፅ በሌላ ስም ሲመልስ የሰማሁ መሰለኝ። ተሳስቼ ይሆናል አልኩ። ቀጠልኩ።

«መሐመድ ቃሲም!»

ስሙ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ያወቅሁት። ካሳሁን እጅ ላይ የሞተው ልጅ ነው። እስክሪብቶዬ ቆመ።

«አቤት» አለ ያው ሻካራ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ።

ጸጉሬ ቆመ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በእናቴ! የሞተ ሰው ጠርቼ አቤት አለኝ።

ያኔ ከፊት ከቆሙት አሮጊቶች አንዷ፣ ራሷን ሳታቀና፣ ለራሷ እንደምትናገር በለሆሳስ፣ «ረቢ ረህመታ ሃ ጎዱፍ» አለች። አላህ ይዘንለት ማለት ነው። በእኛ አገር የሞተ ሰው ስም ተጠርቶ ይሄ ሳይባል አይታለፍም። አቤት እንዲሉ ተነግሯቸዋል፣ አሉም። ለሞተ ሰው ዝም እንዲሉ ግን የነገራቸው የለም፤ ቢነግሯቸውም አፋቸው እሺ አይልም።

እኔ የተባለውን እንደተባለ ጻፍኩ። «መሐመድ ቃሲም፦ አቤት ተብሏል። ቀጥሎም ረቢ ረህመታ ሃ ጎዱፍ ተብሏል።»

ቀጣዩን ጠራሁ። አቤት። ከዚያ የሁለት ሴቶች ድምፅ፦ ረቢ ረህመታ ሃ ጎዱፍ። ሌላ ጠራሁ። አቤት፣ ብቻ። ይሄኛው አለ። ሌላ። አቤት፤ ከዚያ ጸሎቱ። አሁን ከጉሙ ውስጥ ወንዶቹም አብረው ነው የሚሉት። እየቆየ ከ«አቤት»ው ይልቅ ጸሎቱ በዛ። እኔ ስም እጥራለሁ፣ አንዱ የሞተውን ሆኖ ይመልሳል፣ ሌላው ይቀብረዋል። አገር ሙሉ ሬሳ በስም እየጠራሁ እንደማስነሣና መልሼ እንደማስተኛ ሆነብኝ።

«ምንድን ነው የሚያጉረመርሙት?» አሉ ጓድ ይልማ።

ጓድ ታፈሰ ከአባ ጀማል ቀድሞ፣ «ምርቃት ነው ጓድ። እናንተን እየመረቁ ነው» አለ።

ጓድ ይልማ ፈገግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። ለሙታን ጸሎት እጅ ነሱ! አባ ጀማልን አየኋቸው። መሬት መሬት ያያሉ። ጢማቸው ይንቀጠቀጣል፣ አፋቸው ግን ዝም። እንዴት እንደተናደድኩባቸው! አስተርጓሚው እርስዎ አይደሉም ወይ፣ ለማን ነው የተወከሉት፣ ልል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። ቃለ ጉባኤ ያዥ አፍ የለውም። ወንድሜም እነሱ እጅ ነው።

ገጾቹ እያለቁ ሄዱ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ። የመጨረሻው መስመር ቀረኝ።

አሁን የማወራችሁ ቅጽበት አጭር ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ ከውስጧ አልወጣሁም። ስሙን ልጠራው ነው። ከጉሙ አንዱ «አቤት» ይላል፤ ያ ግድ የለኝም። ከአቤት በኋላ ምን ይባላል? እነዚህ ሰዎች የሚያውቁት ነገር ካለ፣ ወሬው ጫካ ለጫካ ደርሷቸው ከሆነ፣ የወንድሜን መርዶ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ በገዛ እጄ ልጽፈው ነው።

«ካሳሁን...» አልኩ። እንደገና፣ «ካሳሁን በቀለ!»

«አቤት» አለ ጉሙ።

ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። ንፋሱ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ዝምታ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም።

ከዚያ ያቺ የመጀመሪያዋ አሮጊት ቀና አለች። ለካ የመሐመድ እናት ናት፤ «ሃዳ መሐመድ» ነው የሚሏት። ጣቷን ወደ ጉሙ ቀሥራ በኦሮምኛ ብዙ ነገር ጮኸች፤ ደጋግማ የምትለው ግን አንድ ነው።

«እኒ ሂን ዱኔ! እኒ ሂን ዱኔ!»

«ምን አለች?» አሉ ጓድ ይልማ።

«ያው ምርቃት...» ብሎ ጓድ ታፈሰ ሲጀምር፣ አባ ጀማል ከአግዳሚው ተነሡ።

«ምርቃት አይደለም ጌታዬ» አሉ፤ «ጓድ» ማለቱን እንኳን ረሱት። «'እሱ አልሞተም' ነው ያለችው። ልጄ እጁ ላይ ሲሞት አብሮኝ አለቀሰ፣ እሱ አልሞተም፣ ታሰረ እንጂ፣ እያለች ነው።»

«'እሱ አልሞተም'? እና ሌሎቹስ?»

አባ ጀማል እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «ሌሎቹማ ሞተዋል። ቅድም ጀምሮ የሰሙት የሙታን ጸሎት ነው።»

ጓድ ይልማ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ግን አልወለወሉትም። ወደ እኔ ዞሩ። «ቃለ ጉባኤ ያዧ፣ 'ምርቃት' የተባለውን ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«እንደተባለ ነው የጻፍኩት ጓድ።»

«አንብቢው።»

ጓድ ታፈሰ ዓይኑን ተከለብኝ። ተነሥቼ አነበብኩ። «መሐመድ ቃሲም፦ አቤት ተብሏል። ቀጥሎም...» ብዬ ሳልጨርስ ሰዉ ራሱ ጨረሰልኝ፦ ረቢ ረህመታ ሃ ጎዱፍ! ቀጣዩን አነበብኩ፣ አሁንም ጨረሱልኝ። ጸሎቱ እየጮኸ፣ እየቀረበ መጣ። ቀና ስል ሰዎቹ ከጉሙ እየወጡ ወደ እኛ እየመጡ ነው። ያ ሻካራ ድምፅ ያለው ቀጭን ሰውዬ ከጠረጴዛው ፊት ቆመ።

«እኔ መሐመድ አይደለሁም» አለ። «ኢብራሂም ነኝ፣ የሪራ ሰው። ትናንት በመኪና ጭነው አመጡን። የስንት ሬሳ ስም እንደተሸከምኩ አላህ ይወቀው፣ ከበደኝ።»

ጓድ ይልማ በሮቹን አስከፈቱ። ሐረጉ ሲፈታ ውስጡ መደብ የለም፣ ድስት የለም፣ ሰው የለም። መሬቱ ላይ የተከመረ እርጥብ እንጨትና ኩበት ብቻውን ይጨሳል። ከአስታው ቁጥቋጦ ጀርባ ደግሞ መቃብሮቹን ሃዳ መሐመድ ራሷ እየመራች አሳየችን።

ቃለ ጉባኤው ለፊርማ ሲቀርብ ጓድ ይልማ ቀድመው ፈረሙ። እስክሪብቶውን ለአባ ጀማል ሲያቀብሉ ጓድ ታፈሰ ጣልቃ ገባ።

«አባ ጀማል፣ ያስቡበት። እነሱ ነገ አዲስ አበባቸው ይገባሉ። እርስዎ እዚሁ ነው የሚቀሩት።»

ሽማግሌው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። «አዎ፣ እዚሁ ነው የምቀረው» አሉ። «ከእነዚህ ሰዎች ጋር ነው የምቀረው።» ከዚያ ፊደል በፊደል፣ ምላሳቸውን ነክሰው፣ ስማቸውን ጻፉ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እጄን ያዙ። «መጀመሪያ ላይ ፈራሁ ልጄ። ይቅር በይኝ።» እኔም ፈርቼ እንደነበር ነገርኳቸው። ሁለታችንም አለቀስን።

ካሳሁን ከሳምንታት በኋላ ተፈታ። ከስቶ፣ ጸጉሩ ተላጭቶ፣ ግን በእግሩ ሄዶ ቤት ገባ። ጓድ ታፈሰ ከወረዳው ተነሣ፤ የት እንደሄደ አላውቅም። የተረፉት የጨፌ ቦሩ ሰዎች ወደ ጫካቸው እንዲመለሱ ተፈቀደላቸው። ሙታኑን የመለሰ ኮሚቴ ግን የለም፤ ይሄንንም እንደሆነው ልንገራችሁ።

እናንተ ይሄን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። የስም ዝርዝር እጃችሁ ሲገባ «ሙሉ ነው» ሲሏችሁ አትቸኩሉ። ጥሩት። አቤት ካሏችሁም በኋላ ትንሽ ጠብቁ። እኔ የዚያን ቀን የተማርኩት ይሄንኑ ነው። አዲስ አበባ ሥልጣኑ ነበራት፣ ቋንቋው ግን አልነበራትም። አባ ጀማል ቋንቋው ነበራቸው፣ ጉልበቱ ግን አልነበራቸውም። አንዱ ያለ ሌላው ቢመጣ ኖሮ ጨፌ ቦሩ እስከ ዛሬ ይጨስ ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሮቤ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆንኩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነን። ስም ስጠራ «አቤት» ያለኝን ቀና ብዬ ፊቱን ሳላይ ምልክት አላደርግም። «ጽጌ ደግሞ መታወቂያ ልትጠይቀን ነው!» እያሉ ይስቁብኛል። ካሳሁንማ የለየለት ተንኮለኛ ነበር። ስሙን ስጠራ «አቤት» ብሎ አያውቅም። ከኋላ ወንበር ላይ ሆኖ፣ «ሂን ዱኔ!» ይለኛል፣ አልሞትኩም ማለቱ ነው። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። በየወሩ፣ ለዓመታት።

ባለፈው ዓመት ታሞ ዐረፈ። በቀጣዩ ስብሰባ መዝገቡን ይዤ እጠራለሁ፤ ስሙን መሰረዝ አልቻልኩም ነበርና እጄ አመጣው፣ አፌም ጠራው። «ካሳሁን በቀለ!»

ቤቱ ጭጭ አለ። ወደ ኋላ ወንበር አየሁ። እንደዚያ ቀን ጠበቅሁ።

ከዚያ ከበሩ አካባቢ የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድምፅ ዝግ ብሎ መጣ፦ «ረቢ ረህመታ ሃ ጎዱፍ።»

እስክሪብቶዬን አነሣሁና እንደተባለ ጻፍኩት።